ለአራስ የማይነገር ወሬ

የእህቴ ልጅ በተወለደች በሁለተኛው ቀን የቀረጽኩት ድምፅዋ እስከ ዛሬ በእጄ አለ። አሥራ አንድ ሰከንድ ነው። አዋላጇ ተረከዟን ስትወጋት ታለቅሳለች። ልቅሶው ሻካራና አጭር ነው፤ ሁለት ጊዜ ጮኻ ዝም ትላለች። ከዚያ በኋላ የሚሰማው የጣራው ማራገቢያ ብቻ ነው።

የቀረጽኩትን ነገር አልሰርዝም። ከሃያ ዓመት በላይ በሬዲዮ ዘጋቢነት ስሠራ የያዝኩት ልማድ ነው። የዚያን ቀን ግን ድምፁን ለዘገባዬ አይሆንም ብዬ ትቼው ነበር። አድማጭ የሕፃን ልቅሶ ሲሰማ ወዲያው ልቅሶ መሆኑን ማወቅ አለበት፤ የእሷ ደግሞ የተዘጋ ጉሮሮ ይመስል ነበር። ከጎኗ ባለው አልጋ የነበረ ሌላ ሕፃን ሲወጋ ክፍሉን አናጋው። በአየር ላይ የዋለው የእሱ ድምፅ ነው።

ጊዜው የሰሊጥ አጨዳ ነበር። መተማ ዮሐንስ ላይ የጭነት መኪናው ጉምሩክ በር ተሰልፏል፤ ከጎጃምና ከወሎ የወረደው የቀን ሠራተኛ ማጭዱን በጨርቅ ጠቅልሎ በየጥላው ተጋድሟል። ታናሽ እህቴ ያገባችው እዚያው ያለ ሰሊጥ ገበሬ ነው። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ባሏ ማሳ ላይ ነበር። ሰሊጥ ከታጨደ በኋላ ነዶው ሂላ ተብሎ ተደጋግፎ ይቆምና ይደርቃል፤ ደርቆ አንድ ሁለት ቀን ከዘገየ አፉን ከፍቶ ፍሬውን መሬት ላይ ያፈሳል። በዚያ ሰሞን ገበሬ ለቀብር እንኳ ቢጠራ አስቦ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ጤና ጣቢያ የሄድኩት እኔ ነኝ። ከገንዳ ውኃ፣ ተከራይቼ ከምኖርበት፣ በጠዋት መኪና መጣሁ።

በዚያ ዓመት ጤና ጣቢያው አዲስ ነገር ጀምሮ ነበር። ከተወለደ ሕፃን ተረከዝ ጥቂት ጠብታ ደም በወፍራም ወረቀት ላይ ተወስዶ ወደ ሩቅ ላቦራቶሪ ይላካል። ለሙከራ የመጣ ነው፤ ወረቀቱ እስኪያልቅ ይሠራል ተባለ። ሳይታይ የሚጎዳ፣ ታውቆ ግን በርካሽ ኪኒን የሚታከም በሽታ ያለበትን ልጅ ለመለየት ነው። ይህንን ልዘግብም ፈልጌ ነበር።

«ጋዜጠኛው፣ ዛሬ የመጡት አጎት ሆነው ነው ወይስ ለሥራ?» አለችኝ አዋላጇ። ሁሉም ሲስተር ይላታል። ወጣት ናት፤ ከሥራዋ ጋር ወሬ ማስኬድ ትችላለች።

«ለሁለቱም።»

«ለሁለት ጌታ የሚገዛ የለም ሲባል አልሰሙም?» ብላ የልጅቷን እግር በሞቀ ጨርቅ ጠቀለለችው። ደሙ እንዲወርድ ነው። ከዚያ ተረከዟን ከጎን በኩል ወጋችና ወረቀቱ ላይ የታተሙትን ክቦች አንድ በአንድ ሞላች። ልጅቷ ከላይ የነገርኳችሁን አሥራ አንድ ሰከንድ አለቀሰችና እንቅልፏን ቀጠለች።

ጎን አልጋ ላይ ያለችው እናት ቀና ብላ አየቻት። «የታደልሽ። የእኔ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮኽ ነው ያደረው።»

እህቴ ፈገግ አለች። የተመሰገነች መስሏት ነው። ለእኔም እንዲያ ነበር የመሰለኝ።

ሲስተር ቅጹን አወጣች። ሕፃን ክርስትና ሳይነሣ ስም ስለሌለው «የእገሊት ልጅ» ተብሎ በእናትየው ስም ተጻፈ። ቀጥሎ የስልክ ቁጥር የሚሞላበት አንድ መስመር ነበር። የእህቴ ስልክ የሱዳን ሲም ነው፤ እዚያ ሁከቱ ከተነሣ ወዲህ አንድ ቀን ይሠራል፣ ሦስት ቀን ይጠፋል። የባሏ ስልክ ማሳ ላይ አይሰማም።

«የእኔን ጻፊ» አልኳት።

«ያነሡታል?»

«እስካሁን ሳላነሣ ያለፈኝ ጥሪ የለም።»

ጻፈችው። እኔም ለዘገባዬ የሚሆነኝን ጠየቅኳት። አንገት ላይ ያለችው የታይሮይድ ዕጢ በአንዳንድ ልጅ ሲፈጠር ጀምሮ በቅጡ አትሠራም አለችኝ። ልጁ ሲወለድ ደኅና ይመስላል። ዕጢዋ የምትሰጠውን ነገር ካላገኘ ግን አእምሮው አያድግም። ኪኒኑ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ከተጀመረ እንደ ማንኛውም ልጅ ያድጋል፤ ከዘገየ የጠፋው አይመለስም። ምልክቱስ አልኳት። እንቅልፍ ማብዛት፣ ለመጥባት መስነፍ፣ የቆዳ ቢጫነት፣ የሆድ ድርቀት፣ የድምፅ መሻከር። ሁሉንም በተራ ጻፍኩት። ማስታወሻ ደብተሩ አሁንም አለ፤ ጽሑፉ ግልጽ ነው።

«ውጤቱን እንዴት ያውቃሉ?»

«ነገር ካለ እንደውላለን። ካልደወልን ደኅና ነው ማለት ነው።»

ይህች የመጨረሻ ቃሏ ጥሩ መዝጊያ ሆነችልኝ። ዘገባዬን በእሷ ጨረስኩት። የምልክቶቹን ዝርዝር ግን ሰዓት ስለጠበበ ቆርጬ ጣልኩት።

በአሥረኛው ቀን እህቴን ወደ እናታችን ቤት ሸኘኋት። የቆላ ሰው ሚስቱ ስትወልድ ደጋ ዘመድ ካለው ወደ ላይ ይሰዳታል። ሙቀቱና ወባው ለአራስ አይሆንም ተብሎ ነው። የእናታችን ቤት አይከል ላይ ከመኪና ከተወረደ በኋላ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስለምትነሣ እስከዚያ ትቆያለች። መኪናው ሲነሣ በመስኮት በኩል ልጅቷን አየኋት። ተኝታ ነበር።

በማግሥቱ ወደ ቋራ፣ ወደ ገለጉ ሄድኩ። የመከሩን ነገር ልዘግብ ነው። አሥር ቀን ያልኩት ከሦስት ሳምንት በላይ ወሰደ፤ አንድ ወንዝ ሞላ፣ አንድ መኪና ተበላሸ፣ በእግር የሄድኩበትም ቀን አለ። ያኔ እዚያ ኔትወርክ የሚባል አልነበረም። ይህን ስልኬን ከማስጻፌ በፊት አውቅ ነበር። ገለጉ እንደምሄድም አውቅ ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ አላሰብኳቸውም፤ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የለኝም።

ስመለስ ስልኬ የደወሉልኝን ሰዎች ዝርዝር በመልእክት አወረደው። ከመሥሪያ ቤት፣ ከነጋዴ፣ ከገበሬ። አንድ የማላውቀው ቁጥር አራት ጊዜ ደውሏል። መልሼ ደወልኩ፤ ጠርቶ ጠርቶ አልተነሣም። ደብተሬ ላይ ቁጥሩን ጽፌ ከጎኑ «ይደወል» አልኩና በሌላ ሥራ ወደ አብርሃ ጅራ አለፍኩ። ከዚያ በፊት እናቴን በስልክ አግኝቻታለሁ። ከቤቷ በላይ አንድ ጉብታ አለ፣ ምሽት ላይ እሱ ላይ ሲወጣ ስልክ ይሰማል።

«ልጅቷስ?» አልኳት።

«ምን የመሰለች ቡቡ። ቀን ከሌት ትተኛለች። ለጡት ካልቀሰቀስናት አትነሣም። ጨዋ ናት፣ የተባረከች ናት።»

ይህን ሰምቼ «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። ዝርዝሩን የጻፍኩበት ደብተር ኪሴ ውስጥ ነበር።

መተማ ዮሐንስ እንደገና የደረስኩት ልጅቷ በተወለደች በሃምሳ አንደኛው ቀን ነው። ባጃጅ መቆሚያው አጠገብ ሲስተርን አገኘኋት፤ የሥራ ልብሷን በፌስታል ይዛ ወደ ቤቷ ልትሳፈር ነው።

«እንዴት ናት ልጃችን? መድኃኒቱ ተስማማት?»

«የምን መድኃኒት?»

ለሰላምታ የዘረጋችው እጅ እዚያው ቆመ። ባጃጁ ሞልቶ ነበርና ነጂው «ሲስተር፣ ትወጫለሽ?» አላት። «ሂድ» አለችው።

እዚያው ቆመን ነገረችኝ። ውጤቱ ልጅቷ ሃያ ቀን ሲሞላት ደርሷል፤ ያ የታይሮይድ በሽታ ነው። በራሷ ስልክ አራት ጊዜ ደወለችልኝ። አልሆን ሲላት እህቴ ቤት ሄደች። ቤቱ ተቆልፏል። ለጎረቤቲቱ «የልጅቷ ደም ላይ ነገር ተገኝቷል፣ በቶሎ ትምጣ፣ ጎንደር ትወሰድ» አለቻት። ጎረቤቲቱ «ለአባትየው እነግራለሁ» አለች። ከሦስት ቀን በኋላ ሲስተር ሄዳ ስትጠይቅ «ነግሬዋለሁ፣ ሰምቷል» ተባለች። የሰማ ሄዷል ብላ ተወችው።

«እኔ ደግሞ መልሼ ደውዬ ነበር» አልኳት።

«መቼ?»

ቀኑን ነገርኳት። ትንሽ አሰበች። «ያን ቀን ሴት እያዋለድኩ ነበር» አለች። 

የእህቴን ባል ያገኘሁት እዚያው ከተማ፣ ሰሊጡን ካስገባበት መጋዘን በር ላይ ነው። ጆንያ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሲያየኝ ተነሣ።

«የልጅህን ነገር ሰምተሃል?» አልኩት።

«ሰምቻለሁ ጋሼ።»

«መቼ?»

«ይኸው ወር ሊሞላው ነው። ለትራክተሩ ዕቃ ልገዛ የገባሁ ቀን ጎረቤታችን ነገረችኝ።»

«እና ለሚስትህ አልላክህባትም?»

«ለአራስ?» አለ። የገረመው እኔ መጠየቄ ነው። «ለአራስ ክፉ ወሬ እንዴት ይላካል ጋሼ? ወተቷ ቢነጥፍስ? እኔ ስወለድ የእናቴ ወንድም ሞቶ ነበር። ክርስትና እስክነሣ አልነገሯትም። ለጥየቃ የሚመጣው ሰው የለቅሶ ልብሱን አጥር ላይ እያወለቀ፣ ነጭ እየተዋሰ ነው የሚገባ። እሷ ወንድሜ ምነው ቀረ ስትል ከርማለች። በኋላ አለቀሰች። እኔ ግን አደግሁ።»

«ያ ሰው ሞቶ ነበር። ይቺ በሕይወት አለች።»

«እሱንማ አውቃለሁ። በስልክ ስጠይቅ እናትዎ ልጅቷ ደኅና ናት አሉኝ፤ አታለቅስም፣ ትተኛለች፣ ተማም ናት። ሲስተር በቶሎ አለች ቢሉኝ፣ ጤና ጣቢያ ምኑን በቶሎ ሳይል ቀርቶ ያውቃል? ክትባቱ በቶሎ፣ አጎበሩ በቶሎ። ሰማንያ ቀን ይሙላና ሁለታችንም እንወስዳታለን ብዬ ነው።» መሬት መሬት እያየም ጨመረ፤ «እርስዎም ስልክዎን ዘግተው ከርመው...»

«ገለጉ ነበርኩ።»

«ገለጉማ የት ስልክ አለ» አለ። ሊያስቀይመኝ ፈልጎ አልነበረም። እውነቱን ነው።

በማግሥቱ ልንነሣ ስንል መንገዱ ተዘጋ። በዚያ በኩል መንገድ መዘጋት አዲስ ነገር አይደለም፤ ለምን እንደሆነና እስከ መቼ እንደሆነ የሚነግርህ ሰው አታገኝም። መናኸሪያ ውስጥ አምስት ቀን ጠበቅን። ባልየው በየጠዋቱ አዲስ ሸሚዙን ለብሶ ይመጣና ማታ አጣጥፎ ይመለሳል። በሦስተኛው ቀን አንድ የወሎ ልጅ፣ የቀን ሠራተኛ፣ ወደ አገሩ ሊገባ አብሮን ሲጠብቅ፣ «ምነው ጋሼ፣ ሰዓትዎን እንዲህ የሚያዩት ይበላሻል ብለው ነው?» አለኝ። ሰው ሳቀ። ያን ሁሉ ጊዜ ሰዓቴን እንደማይ አላወቅኩም ነበር።

በሃምሳ ሰባተኛው ቀን እናታችን ቤት ደረስን። ፀሐይዋ ጠንካራ ነበረች፤ ሁለታችንም በላብ ርሰናል። እናታችን ከአጥሩ በር ወጥታ እጇን ዘርግታ አቆመችን።

«እንኳን ደኅና መጣችሁ። ላባችሁ ይድረቅ። ከፀሐይ መጥቶ አራስ ቤት አይገባም።»

«እምዬ፣ አስቸኳይ ነው።»

«ምንም ቢያስቸኩል። ምች ልታስገባባት ነው?»

ባልየው ወዲያው ግንዱ ላይ ቁጭ አለ። እኔም ተቀመጥኩ። ልከራከራት እችል ነበር። ይህን ያህል ቀን ካለፈ በኋላ አርባ ደቂቃ ምን ይለውጣል ብዬ ነው፤ እናቴን በሩ ላይ መግፋትም አልሆነልኝም። ውኃ አመጣችልን። ስለ ከብቶቹ ነገረችን። ውስጥ የእህቴ ድምፅ ይሰማል፤ «ጥቢ እንጂ፣ ጥቢ የእኔ እመቤት» ትላለች። ሌላ ድምፅ አልነበረም።

ስንገባ ልጅቷ በእናቷ ጭን ላይ ነበረች። ምላሷ በከንፈሮቿ መካከል ወጣ ብሏል። ፊቷ ሞላ ያለ፣ ዓይኗ አበጥ ያለ፣ ቆዳዋ ደረቅና ወይባ ነው። እትብቷ የነበረበት ቦታ ወደ ውጭ ተገፍቷል። እጇን ስይዘው ቀዝቃዛ ነበር፤ ቤቱ ግን ይሞቅ ነበር። ጆሮዋ አጠገብ ጣቴን አጮህኩ፤ አልደነገጠችም።

«አትቀስቅሳት» አለች እናቴ። «ሰባት ወልጄ እንዲህ ያለ ልጅ አላየሁም። አንተማ በልቅሶህ ሰፈር ነበር የምታሳድድ።»

ለእህቴ ነገርኳት። ዜና እንደማነበው አድርጌ ነው የነገርኳት፤ ከዚያ ሌላ መንገድ አላውቅም። ምን እንደተገኘ፣ ምን ማለት እንደሆነ፣ ዛሬውኑ መሄድ እንዳለብን። ልጅቷን ከጡቷ ሳትነጥል ሰማችኝ።

«መቼ ነው የታወቀው?»

«ከወር በፊት።»

«እኔ እኮ ካልደወሉ ደኅና ናት ብዬ ነው። ስልኩ አንተ ጋ ነው ብዬ።» ባሏን አየችው፤ አቀረቀረ። «አንተም ታውቅ ነበር?»

«ለአንቺ ብሎ ነው» አለች እናቴ ከኋላ። «አራስ ነሽ፣ ወተትሽ እንዳይደርቅ ብሎ ነው። እኔም ብሰማ አልነግርሽም ነበር።»

«ለእኔ ብላችሁ» አለች እህቴ። ደጋግማ አላለችውም። ተነሥታ ነጠላዋን አጣፋች፣ ልጅቷን አዘለች። ሰማንያ ቀን ሳይሞላት ከአራስ ቤት ደጅ የወጣች የቤታችን የመጀመሪያ ሴት እሷ ናት። እናቴ ከክፉ መንፈስ ለመከላከያ ብላ ቢላ የተጠቀለለበት ጨርቅ በእጇ አስያዘቻት። ይዛው ወጣች።

ጎንደር የደረስነው በሃምሳ ስምንተኛው ቀን ነው። ዶክተሯ ልጅቷን ገላልጣ ብዙ አልጠየቀችም።

«ስንት ቀኗ ነው?»

ነገርኳት። ጻፈችው። «ውጤቱ የወጣው በስንት ቀኗ ነው?» አለች። እሱንም ነገርኳት። ይህንን አልጻፈችውም።

ደም እንደገና ተወሰደ፤ መድኃኒቱ ግን ውጤት ሳይጠበቅ በዚያው ቀን ተጀመረ። የምስር ፍሬ የምታህል ኪኒን ናት። በሁለት ማንኪያ መካከል ተደቁሳ፣ በራሷ በእናቷ ወተት ተበጥብጣ፣ ጠዋት ጠዋት ሆዷ ባዶ ሳለ ትሰጣለች። የመጀመሪያውን ዶክተሯ ራሷ ሰጠቻትና አገጯን እያሻሸች አስዋጠቻት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ከመተማ እስከዚያ ክፍል ድረስ የመጣነው ለዚህች ነገር ነበር።

«የጠፋው ይመለሳል?» አለች እህቴ።

«እየቆየን እናያለን። ከዛሬ ጀምሮ ያለውን አናጣም። ያለፈውን ግን ቃል አልገባልሽም።» ቀጥላም በሁለቱም ቤተሰብ በኩል ሊኖር እንደሚችል፣ የሚቀጥለውም ልጅ በተወለደ በሦስተኛው ቀን መመርመር እንዳለበት ነገረቻቸው።

«በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም» አለ ባልየው።

«በሁለታችሁም ሊኖር ይችላል። በሁለታችሁም ላይ አይታይም።»

ከሳምንት በኋላ፣ እህቴና ልጅቷ ወደ እናታችን ቤት ከተመለሱ ወዲህ፣ እናቴ ጉብታው ላይ ወጥታ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ተቆጥቷል። «መድኃኒቱ ልጅቷን አሳበዳት። ቀኑን ሙሉ ትጮኻለች፤ አላስቀምጥ አለች። እህትህን ተዪው በላት።»

«ታልቅስ እምዬ» አልኩ። «ታልቅስ።»

በስልኩ ከሩቅ ይሰማኝ ነበር። ወፍራምና ረጅም ልቅሶ ነው። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ውኃው ሲነካት ቤተ ክርስቲያኑን አናጋችው፤ ሴቶቹ «አቤት፣ ኃይለኛ ናት፣ ምን በላች» እያሉ ሳቁባት። እህቴ አልሳቀችም። የቀኑን መድኃኒት ማለዳ መስጠቷን ጠየቅኋት፤ በዓይኗ መለሰችልኝ።

በሙያዬ ስሕተት ሲገኝ በተላለፈበት ሰዓት ይታረማል። በዚያው ፕሮግራም አንድ ዐረፍተ ነገር አነበብኩ። ካልተደወለላችሁ ደኅና ነው ማለት አይደለም፤ ሄዳችሁ ጠይቁ። የማን ልጅ ምን እንደሆነች አልተናገርኩም። አለቃዬ ማረሚያ ለምን አስፈለገ ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ያልተረጋገጠ ነገር ስለተላለፈ ነው አልኩት። ከጥቂት ወራት በኋላ ጤና ጣቢያው ወረቀቱን ጨረሰ። ሌላ አልመጣም። ሲስተርም ተዛውራ ሄደች። ለምን እንደቆመ በየቢሮው ጠይቄያለሁ፤ ያገኘሁት መልስ ለዘገባ የሚበቃ አልነበረም።

አሁን ልጅቷ አራት ዓመት አልፏታል። በእግሯ የሄደችው በሁለት ዓመት ተኩል ነው። የምትለውን የሚያውቁት እናቷና አባቷ ናቸው፤ እኔ ከአሥሩ ሦስቱን እሰማለሁ። ትሥቃለች፣ ዶሮ ታባርራለች፣ የተነገራትን ቆይታ ታደርጋለች። መዋዕለ ሕፃናት ሲወስዷት መምህሯ «ለከርሞ ትምጣ» አሉ። በጊዜው ታክማ ቢሆን ምን ትሆን እንደነበር ማንም አያውቅም። እኔም የማላውቀውን አልጽፍም።

ባለፈው ጥር እህቴ ሁለተኛ ልጇን ወለደች። አጨዳው አልፎ ስለነበር ባሏም አብሯት ነበር። ቆላ አልወለደችም፣ እናታችን ቤትም አልሄደችም፤ ወር ሲቀራት ጎንደር ገብታ ዘመድ ቤት ተቀመጠች። ወንድ ልጅ ነው። በሦስተኛው ቀን ለምርመራ ወሰድነው። ትልቋ ከእኔ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀምጣ የመቅረጫዬን ማንጠልጠያ በጣቷ ትጠመጥማለች።

ነርሷ ቅጹን አወጣች። «ስልክ?»

አፌን አልከፈትኩም።

እህቴ የራሷን ሰጠች፤ አሁን የአገር ውስጥ ሲም ነው። የባሏን ሰጠች። ያረፈችበትን ቤት ሰጠች። የጎረቤቷንም ሰጠች።

«መስመሩ አንድ ብቻ ነው እኮ እህቴ» አለች ነርሷ።

«ጠርዙ ላይ ጻፊልኝ። ደግሞ ክፉም ቢሆን ለእኔ ንገሪኝ። አራስ ናት እንዳትሉኝ።»

ነርሷ ቀና ብላ አየቻትና ጠርዙ ላይ ጻፈች። ከእነዚያ ቁጥሮች ውስጥ የእኔ የለም። ባልየው ወደ እኔ አየት አደረገ፤ እኔ ወደ ልጅቷ ተመለከትኩ።

«ከዚህ በፊት የወለድሽው አለ?»

«አንድ። ያቻት።»

«ጤነኛ ናት?»

እህቴ ልጅቷን አየቻት። ልጅቷም ስታያት ጊዜ ማንጠልጠያውን ለቀቀች። «ቀስ ትላለች» አለች እህቴ።

ነርሷ እስክሪብቶዋን ይዛ ጠበቀች። ቅጹ ላይ ያለው «አዎ» እና «የለም» ብቻ ነው። የትኛው ላይ ምልክት እንዳደረገች ከተቀመጥኩበት አይታየኝም ነበር።

ከዚያ የሕፃኑን ተረከዝ ወጋችው። ጮኸ። ግልጽና ወፍራም ልቅሶ ነበር፤ ከኮሪደሩ ሰው ዞር አለ። ባልየው «ተመስገን» አለ። እኔ አላልኩም። የልቅሶ ድምፅ ማስረጃ አይሆንም፤ ውጤቱ በወረቀት እስኪመጣ የሚታወቅ ነገር የለም። እንደዚያም ሆኖ ሰከንዱን ስቆጥር ራሴን አገኘሁት። አሥራ አንድን ሲያልፍ መቁጠሬን ተውኩ።

ትልቋ ሁለት ጆሮዋን በመዳፏ ይዛ ነበር።